ትንንሽ ፕሮግራሞችን ሠርቶ ለሰው ስለ መስጠት

በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ሥልጣኔና ስለ ወጣቶች ተግባር ብዙ ይጻፋል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ከነዚህ ታላላቅ ርእሶች አጠገብ ሲቀመጥ ሚዛን የማያነሣ ሊመስል ይችላል። ይኸውም በትርፍ ጊዜያችን በኮምፒዩተር የምንሠራቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች ከነምንጭ ጽሑፋቸው ለሚፈልጋቸው ሁሉ በነጻ ልንሰጥ ይገባናል የሚል ነው።

ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም። አንዱ «ታክሲ የሚጠራ ወይም ገንዘብ የሚያስተላልፍ የስልክ ፕሮግራም ሠርተህ ባለጸጋ አትሆንም ወይ?» ይለኛል። ሌላው «ዐይንህ እስኪቀላ የደከምህበትን በነጻ መስጠት ሞኝነት ነው» ይላል። አባቴም «በመጀመሪያ ፈተናህን እለፍ» ማለታቸው አልቀረም፤ የእሳቸው ቃል እውነት ስለ ሆነ አልከራከርም። የፊተኞቹ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ያስታውሱኛል። በአጠገባችን ያለው ችግር ብዙውን ጊዜ መቶ መስመር በማይሞላ ጽሑፍ የሚፈታ ነውና።

ይህን ያወቅሁት በመዝገብ ቤት ነው። ባለፈው ዓመት ሮስተር እንዳደርስ ተልኬ ስገባ አንዲት የቀድሞ ተማሪ ትራንስክሪፕት ፈልጋ ቆማ ነበር። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ስሟን በኤክሴል ጽፈው ቢፈልጉት አልተገኘም። ልጅቱ ከሩቅ አገር የመጣች ስለ ሆነች እንባዋ ቀረበ። እትዬ ግን ደግ ሰው ናቸውና መዝገቡን ከላይ እስከ ታች በዐይናቸው እያነበቡ ወረዱ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ስሟ ተገኘ። የጠፋው ልጅቱ በ«ዓ» የምትጽፈውን ስም መዝጋቢው በ«አ» ጽፎት ስለ ነበረ ነው።

ነገሩ ወደ ቤቴ ስሄድም ከልቤ አልወጣም። የኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቍጥር አግኝቷል። ስለዚህ «ሀ»ና «ሐ» ለጆሮአችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ እንደ «ለ»ና እንደ «መ» የተለያዩ ናቸው። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ሆሄ በ«ዓ»፣ በ«ዐ»፣ በ«አ» ወይም በ«ኣ» ሊጻፍ ይችላል፤ «ፀ» ሁለት መልክ አለው፤ «ሐ» ደግሞ ከራብዖቹ ጋር ስድስት። ይህ ሲባዛ 48 ነው። ስሙን በሁለት ቃል የሚለያዩትን ብንጨምር 96 ይሆናል። አንዲት ሴት 96 ዓይነት ሆና በመዝገብ ውስጥ ልትደበቅ ትችላለች ማለት ነው!

(የአማርኛ አስተማሪያችን ይህን ሲያነቡ «ተገቢውን ሆሄ ብትማሩ ኖሮ» እንደሚሉኝ ዐውቃለሁ። ልክ ናቸው፤ ነገር ግን መዝገቡ ዱሮ ተጽፎ አልቋል።)

በሁለት ሌሊት በፓይተን ቋንቋ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍሁ። የሚሠራው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት በልቡ ወደ አንድ መልክ መልሶ ስሙን መፈለግ ብቻ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ግን አይነካም። እትዬ በመጀመሪያው ቀን ሲሞክሩት «ልጄ፣ ይህ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉኝ። ከዚህ የሚበልጥ ዋጋ እስካሁን አልተከፈለኝም።

እንዲህ ያለ ሥራ የልጅ ጨዋታ ነው የሚሉ ካሉ፣ ፓይተን ራሱ እንዴት እንደ ተጀመረ ይመልከቱ። ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለው የሆላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 የፈረንጆቹ ገና ሲደርስ ጊዜ ለማሳለፍ የጀመረው ነው። ሁላችንም ፊልም የምናይበት ቪ.ኤል.ሲ.ም በፓሪስ የአንድ ኢንጂኔሪንግ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመሩት ሥራ ሲሆን በ2001 ምንጭ ጽሑፉን ማንም እንዲያነበውና እንዲያሻሽለው ፈቅደው ለቀቁት። ምልክቱ የመንገድ ሥራ ብርቱካናማ ሾጣጣ መሆኑ ከተማሪ እጅ የወጣ ለመሆኑ ምስክር ይመስለኛል።

አሁን ግን ደስ የማይለውን ልናገር። ምስጋናው ልቤን ስላሳበጠው በዚያው ፕሮግራም ላይ የኛን ቀን ወደ አውሮፓ ቀን የሚመልስ ክፍል ጨመርሁበት። መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አድርጌ ከዚያ ቀን እየቈጠርሁ ሠራሁት። እኔ የተወለድሁት በ1999 ዓ.ም. ስለ ሆነ በራሴ ልደት ብሞክረው ልክ መጣ፤ ከዚያም ለክፍል ጓደኞቼ በፍላሽ ዐደልሁ። ይሁን እንጂ በዘመነ ሉቃስ ጳጕሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን የሚቀጥለው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። የ1999 ዓ.ም. ጳጕሜን እንዲህ ነበረች፤ አገሩ ሁሉ ሚሌኒየም ብሎ ያከበረው መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ስለዚህ በ2000 ዓ.ም. የተወለደውን ሁሉ፣ ማለት የክፍሌን እኩሌታ፣ ፕሮግራሜ አንድ ቀን አስቀድሞ ወለደው። አንድ ጓደኛዬ ፎርም የሞላው በዚሁ ነበረና ከልደት ወረቀቱ ጋር ሳይገጥም ቀርቶ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ለትራንስፖርት ያወጣውን ልከፍለው ብል እንቢ አለኝ፤ ይህም ይበልጥ አሳፈረኝ።

ስሕተቱን ያገኘው ማን ነው ብትሉ፣ እኔ አይደለሁም። ከፕሮግራሙ ጋር ምንጭ ጽሑፉን አብሬ ሰጥቼ ስለ ነበር አንድ የዐሥረኛ ክፍል ልጅ ለመማር ሲያነበው «ወንድሜ፣ ጳጕሜን ስድስት ስትሆንሳ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ! ምንጩን ደብቄው ቢሆን ኖሮ ልጁ ምን አይቶ ይጠይቀኝ ነበር? ጓደኞቼ «ምንጩን ከሰጠህ ይሰርቁሃል» ይሉኛል። ከዚህ ወዲያ የምፈራው ሰው ሳያነበው እንዳይቀር ነው እንጂ መሰረቁን አይደለም።

በኮምፒዩተር ክፍላችን በር ላይ «ፍላሽ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አስተማሪዎቻችን አልተሳሳቱም፤ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ስንቱን የቤት ሥራ እንዳጠፋ የምናውቀው ነው። ዊንዶውስም ሠሪውን የማያውቀውን ፕሮግራም ሲያገኝ ያስጠነቅቃል፤ እኛም አንብበን ሳንጨርስ እሺ እንላለን። ነገር ግን ክልከላው ፕሮግራሙን አላስቀረውም፤ በየኪሱ፣ ያለ ስምና ያለ ቀን እንዲዘዋወር አደረገው እንጂ። የኔ የተሳሳተ ቅጂም የተበተነው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ከክፍሉ ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ ለተማሪዎች ሥራ አንድ ፎልደር እንዲፈቀድልን እለምናለሁ። በዚያ የሚቀመጠው ምንጩ የሚነበብ፣ የሠሪው ስምና የተሠራበት ቀን የተጻፈበት፣ አስተማሪም አይቶት የፈቀደው ብቻ ይሁን። ስሕተት ሲገኝ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል፤ ሰውም የትኛው ትክክለኛ እንደ ሆነ የሚያይበት ቦታ ያገኛል።

የታረመውን ለእትዬ ሰጥቻለሁ፤ ከጓደኞቼም የቻልሁትን ያህል አሮጌውን እየለመንሁ አስጠፍቻለሁ። ለወንድሙና ለጎረቤቱ ያስተላለፈ ግን አለ፤ ከነሱም አልፎ የት እንደ ደረሰ አላውቅም። ወላጆችም ሆናችሁ ተማሪዎች፣ በቤታችሁ ኮምፒዩተር ላይ «ስም ፈላጊ» የሚል ፕሮግራም ካለ ከፍታችሁ መስከረም 1 ቀን 2000ን ጻፉበት። ሴፕቴምበር 11 ካላችሁ የኔ አሮጌ ሥራ ነውና አጥፉት፤ አዲሱን ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መጥታችሁ ውሰዱ።