72 ፎቶ፣ አንድ ቁልፍ

ሰሞኑን ቤታችን የገባው ካሜራ በዕድሜ ይበልጠኛል። ኦሊምፐስ ፔን ኢኢ-3 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የተመረተ የጃፓን ካሜራ ነው። አጎቴ ከቆዳ ማኅደሩ ሳያወጡ ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውት ከኖሩ በኋላ፣ "ከጠቀመሽ ውሰጂው" ብለው ሰጡኝ። የመጀመሪያውን ፊልም ገና አልጨረስነውም። ቢሆንም በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ያየሁትን ላካፍላችሁ ወደድኩ፤ ነገሩ የካሜራ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትምና።

ካሜራው "ግማሽ ፍሬም" ከሚባሉት ወገን ነው። የተለመደው ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ አንድ ፎቶ 24 በ36 ሚሊሜትር ቦታ ይይዛል። ይህኛው ያንን ቦታ ለሁለት ይከፍለውና እያንዳንዱን ፎቶ 18 በ24 አድርጎ ያነሳል። ስለዚህ 36 ፎቶ የሚያወጣው ፊልም እዚህ ውስጥ ሲገባ 72 ያወጣል ማለት ነው።

ለእኔ ለማርኬቲንግ ሠራተኛዋ ከካሜራው እኩል የማረከኝ ታሪኩ ነው። የመጀመሪያው ፔን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን የነደፈው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው ዮሺሂሳ ማይታኒ ነው። ዕቅዱ በ6,000 የን የሚሸጥ ካሜራ መሥራት ነበር። በዚያ ዋጋ ሁሉንም ማሟላት እንደማይቻል ስለገባው ጥሩ ሌንስ ላይ አተኮረና ሌላውን አቀለለው። በ1961 ደግሞ ፔን ኢኢ ተከተለ። ይህኛው ብርሃኑን ራሱ ስለሚለካ ሰውየው ቁልፉን ከመጫን ሌላ ሥራ የለበትም። እኛ ቢሮ ውስጥ "ደንበኛችን ማን ነው?" እያልን ስንት ስብሰባ እንቀመጣለን! የዚህ ካሜራ ደንበኛ ግልጽ ነው፦ ካሜራ መንካት የሚፈራው የቤቱ ሰው።

አሁን ወደ እጄ ስሜት ልመለስ። ካሜራው ትንሽ ነው፤ ሆኖም ብረትነቱ ይታወቃል። ባትሪ አያውቅም። በሌንሱ ዙሪያ እንደ ማር እንጀራ የተሰካኩ ጥቃቅን መስታወቶች አሉ፤ ከኋላቸው ያለው ሴሊኒየም ከብርሃን በሚያገኘው ጉልበት ይሠራል። ፊልሙን በአውራ ጣት ጥርሳም ጎማ እያሽከረከሩ ማሳለፍ ነው። በመመልከቻው ሲያዩ ሥዕሉ ቁመታም ነው፤ ስልክ የለመደ ዓይን ምንም አይቸገርም።

ካሜራው እምቢ ማለትም ያውቃል። ብርሃን ሲያንሰው በመመልከቻው ውስጥ ቀይ ምልክት ብቅ ትላለች፤ ቁልፉም አልጫን ይላል። አንድ ምሽት ሳሎን ውስጥ ቡና ሲፈላ ላነሳ ብል ቀይዋ ምልክት ከለከለችኝ። በማግስቱ ረከቦቱን ወደ በረንዳ አወጣነው። የስድስት ዓመቱ ልጄ ፎቶ በተነሳ ቁጥር ሮጦ የካሜራውን ጀርባ ያያል። "እስቲ አሳዪኝ!" ይላል። የሚታይ ነገር የለም፤ ጥቁር ክዳን ብቻ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን እናቴ ናት። ስልክ ሰጥቼ "እማዬ፣ እስቲ አንሺን" ስላት ሁልጊዜ "እኔ አልችልበትም፣ አንዱን ነካክቼ አበላሽብሻለሁ" ብላ ትመልስልኛለች። ይህን ካሜራ ስሰጣት ገልበጥ አድርጋ አየችውና "ይቺን ብቻ ነው የምጫነው?" አለች። አዎ፣ እሷን ብቻ። በዚያ ቅዳሜ ከእጇ አልወጣም። ፎቶ ሲባል ቀጥ ብሎ እጁን ጭኑ ላይ የሚያስቀምጠውን አባቴን፣ ብርቱካን እየላጠ ሳያውቅባት አነሳችው። ቀጥላም ወደ እኔ ዞረች። ፀጉሬ አልተሠራም፣ የለበስኩት የቤት ልብስ ነው፣ ልጄን እግሩን እያጠብኩት ነበር። "ቆይ እማዬ!" ሳልል ቁልፉ ጠቅ አለ።

በስልክ ቢሆን ያ ፎቶ አንድ ደቂቃ አይቆይም፤ ወዲያው ይጠፋ ነበር። አሁን ግን ፊልሙ ላይ ነው፤ ማጥፋት አይቻልም። ነገሩን ሳስበው በስልኬ ውስጥ የልጄ ፎቶ በሺህ ይቆጠራል፣ እኔ ግን ከጥቂቶቹ በቀር የለሁበትም። አንሺዋ እኔ ነኛ! በብዙ ቤት እንደዚሁ ይመስለኛል፤ የሚያነሳው ሰው አንድ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ከአልበሙ ይጎድላል። ልጆቻችን አድገው ሲያገላብጡት በጥሩ ልብስ የቆመችውን ብቻ ሳይሆን እግራቸውን ስታጥብ የነበረችውንም እናት ቢያገኙ መልካም ነው። አሁን ካሜራው ቡፌው ላይ ይቀመጣል፤ ያሰኘው አንስቶ ይጠቀምበታል።

ድክመቱን አልሸሽግም። ፊልም እንደ ድሮው በየፎቶ ቤቱ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። የኔን ከዋሽንግተን የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት ያመጣችልኝ፤ ለማሳጠብም በእሷው እጅ ይመለሳል። ወጪም ትዕግሥትም ይጠይቃል። ኔጋቲቩ ትንሽ ስለሆነ ፎቶው በጣም ሲተልቅ ይሻክራል፤ ለአልበም እንጂ ለግድግዳ አይመከርም። ሌንሱ ርቀት አይስተካከልበትም፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ በታች ከቀረባችሁ ፎቶው ይደበዝዛል።

እንዲህ ያለ አሮጌ ካሜራ በቤተሰብ ዕቃ ውስጥ ካገኛችሁ ወይም ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ሌንሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ቀይዋ ምልክት ብቅ ካለች፣ ደጅ ብርሃን ላይ ደግሞ ቁልፉ ያለ ችግር ከሠራ ጥሩ ምልክት ነው። ለዓመታት ብርሃን ላይ ተቀምጦ የኖረ ሴሊኒየም ሊደክም ስለሚችል በማኅደሩ የቆየውን ምረጡ። የኋላ ክዳኑን ከፍታችሁም ብርሃን የሚከለክለው ጥቁር ስፖንጅ እንዳልፈረሰ እዩ።

ካሜራውን ለማታገኙት ደግሞ አንድ ነገር ልተውላችሁ። በዚህ ወር ስልኩን ሁልጊዜ ለሚያነሳው ሰው ሳይሆን "አልችልም" ለሚለው የቤታችሁ ሰው ስጡት። ያነሳውንም አታጥፉበት። በዓመት መጨረሻ ላይ ከሺዎቹ መካከል 72 መርጣችሁ በወረቀት አሳትሙ። የእኛ ቆጣሪ አሁን 41 ላይ ነው። ከቀሩት ውስጥ አሥሩን እማዬ አስቀድማ ለራሷ ይዛለች።