የፖሊስ አዛዡን ማን ሾመው? ማንስ ይጠይቀዋል?

አዲስ የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነር ጄነራል ተሾመ የሚል ዜና ፌስቡክ ላይ ሲለቀቅ ኮሜንቱ ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ይረባረባል፦ «የየት ሰው ነው?» ስሙን እስከ አያቱ እንበትናለን፣ ጎራ እንለያለን፣ በማግስቱ እንረሳዋለን። እኔ ኢኮኖሚክስ ስማር የያዝኩት ነገር ግን ሌላ ነው፦ ሠራተኛ ማንን እንደሚሰማ ለማወቅ ማን እንደቀጠረውና ማን ሊያባርረው እንደሚችል እዩ።

እስኪ ወንበሩን እንየው። ከ2010 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ብቻ አሰፋ አብዩ፣ ዘይኑ ጀማል፣ እንደሻው ጣሰው እና ደመላሽ ገብረሚካኤል ተፈራርቀውበታል። ኮሚሽነር ደመላሽ የተሾሙት ጥቅምት 29 ቀን 2013 ነው። የሰሜኑ ጦርነት ከተጀመረ ሳምንት አልሞላም ነበር፤ ኤታማዦር ሹሙና የደኅንነት ኃላፊውም የዚያኑ ቀን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተሹመዋል። ደመላሽ ራሳቸው የመጡት ከደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው። እንደሻው ደግሞ በ2015 መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ፕሬዝዳንት ሆኑ። ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ግን ወንበሩ የፖሊስ ሙያ ጫፍ ሳይሆን የፖለቲካ ጉዞ ፌርማታ ይመስላል።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። የቃሊቲም የቂሊንጦም እስር ቤት ያለው እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። እስር ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ሌላ ተቋም ነው፤ የታሳሪው መዝገብ የሚከፈተው ግን ፖሊስ ጋ ነው። ስንት ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ በፌዴራል ፖሊስ ሥር በነበረው ማዕከላዊ ተመርምሮ ወደዚህ ሰፈር መጥቷል። ማዕከላዊ በ2010 ተዘጋ። መርማሪውን ማን ይጠይቀዋል የሚለው ጥያቄ ግን አብሮ አልተዘጋም።

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ላይ ዝም አላለም። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 7 የፖሊስን አደረጃጀት የመወሰን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። ፖሊስ ሰብዓዊ መብት ከጣሰም ምክር ቤቱ እንዲያጣራና እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። ችግሩ ያለው ይህ ሥልጣን ሥራ ላይ መዋሉ ላይ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት የፖሊስ ዋና ኢንስፔክተሩን ፕሬዝዳንቱ ያጫል፣ ፓርላማው ያጸድቃል። የሥራ ዘመኑ 4 ዓመት ነው፤ ድጋሚ አይሾምም። እውነቱን ለመናገር ይህ ብቻውን አላዳናቸውም፤ በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በጄን ዚ ሰልፍ ላይ ወጣቶች በፖሊስ ጥይት ሞተዋል። ይሁንና በማግስቱ ወር ዋና ኢንስፔክተሩ ጃፌት ኩሜ ሥልጣን ለቀቁ፤ ተተኪያቸው ዳግላስ ካንጃም ከመሾማቸው በፊት ፓርላማ ቀርበው ተጠየቁ። የሕዝብ ቁጣ የሚያርፍበት በር ነበረው።

እኛም ቀጣዩ ሹመት ሲሰማ ኮሜንት ሳጥኑ ውስጥ እነዚህን እንጠይቅ፦ የተሾመው ለስንት ዓመት ነው? በምን ምክንያት ሊነሳ ይችላል? በአደባባይ ማን ጠየቀው? ከኮሚሽነሩ ቀድሞ መልስ ሊሰጠን የሚገባውም ድምፃችንን ሰጥተን ምክር ቤት የላክነው ሰው ነው።