ትንንሾቹ አህዮች ቤታችን ይግቡ ወይስ ይቅሩ?

ተሟጋቾቹ ቨርጂኒያ የሚኖሩ እኅትና ወንድም ናቸው። ትንንሽ አህዮች የሚረቡበትን እርሻ አብረው ጎብኝተዋል።

እኅት፦ ይግቡ

ጋሼ፣ እርስዎም አይተዋል። በሩን ከፍተን ስንገባ አልሸሹም፤ እየተሽቀዳደሙ መጡ። ግራጫዋ ግንባሯን ሆዴ ላይ አስደግፋ ቆመች። የጆሮዋን ሥር ሳክላት የታች ከንፈሯ ተንጠለጠለ፣ ዓይኗም ተከደነ። ጀርባዋን ይዞ ወርዶ ትከሻዋ ላይ የሚሻገረው ጥቁር መስመር አገር ቤት እያየነው ያደግነው ነው፤ ቁመቷ ግን ከወገቤ አያልፍም።

የዘር አገራቸው ሲሲሊና ሰርዲኒያ ነው። ሰርዲኒያ ውስጥ በየቤቱ የእህል ወፍጮ ሲያዞሩ ኖረዋል። ሮበርት ግሪን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1929 ጥቂቶቹን ወደዚህ አገር አስመጣ፤ ዛሬ ዝርያው የራሱ መዝገብ አለው።

እኛ አህያን ያወቅናት ጭነት ሥር ሆና ነው። ጤፍ፣ እንጨት፣ የውሃ ጄሪካን ተሸክማ፣ ጀርባዋ በገመድ ተልጦ። ልጆቼ ያለ ዱላ እንዲያውቋት እፈልጋለሁ። ፈረስ ሲደነግጥ ይፈረጥጣል፤ አህያ ግን ቆማ መንገዱን ታጤናለች፣ ሰውም ግትር ናት ብሎ ይደበድባታል። ይህን ልጆች በመጽሐፍ አይማሩትም። ሣር የሞላ መሬት አለን፤ በጎቻችንንም ይጠብቁልናል።

ወንድም፦ ይቅሩ

እኅቴ፣ ደግነታቸውን አልክድም። ያ ጠባይ ግን ከተወለዱ ጀምሮ በየቀኑ የዳሰሳቸው ሰው ሥራ ነው። አንቺ ደግሞ ከሥራ የምትመለሺው ሲመሽ ነው።

የሚያሳስበኝ በሀብት የቆጠርሽው ሣር ነው። አህያ የደረቅ አገር እንስሳ ናት፤ የዱር ዘመዶቿ ዛሬም በአፋር በረሃ አሉ። ሆዷ የተሠራው ለገለባና ለቁጥቋጦ ነው። በቨርጂኒያ ለምለም ሣር ላይ ስትለቂያት ትወፍራለች፤ ስቡ አንገቷ ላይ ይከመርና ወደ አንድ ጎን ይጋደማል። ከዚያ ሰኮናዋ ውስጡ ይቆጣል፣ መርገጥ ያቅታታል። ወፈረች ብለሽ መኖዋን ባንዴ ብትቀንሺባት ደግሞ ያከማቸችው ስብ ደሟን ያጥለቀልቀዋል፤ ይህም ይገድላል። ስለዚህ ግጦሹን በአጥር ከፋፍለሽ፣ ገለባ ገዝተሽ፣ በየጊዜው አንገቷን እየዳበስሽ ልትኖሪ ነው።

ሰኮናዋ ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት ባለው ጊዜ መከርከም አለበት። ፀጉሯ እንደ ፈረስ ዝናብ ስለማይመልስ መጠለያ ያስፈልጋታል። ብቻዋን ከሆነች ትተክዛለች፤ ስለዚህ የምትገዢው ሁለት ነው። ሁለቱም ከ30 ዓመት በላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡ ማን ይረከባቸዋል?

በጎቹን ይጠብቃሉ የሚባለው ለትልልቆቹ ነው። እነዚህን ግን የጎረቤት ውሾች ተሰብስበው ይጥሏቸዋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ያውም ቁመቱ አንድ ሜትር ያልሞላ ባል!

ለአህያ ካዘንሽ አገር ቤት ያሉትን አስቢ። ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ እ.ኤ.አ. በ2017 የተዘጋው ሕዝቡ ስለጮኸ ነው። ገመድ የላጠው ጀርባ ግን ዛሬም ሐኪም ይፈልጋል። የአጥሩ ወጪ እዚያ ብዙ ቁስል ያድናል።

እኅት፦ አሁንም ይግቡ

ገንዘብ ለአገር ቤት መላኩን እቀበላለሁ፤ እልካለሁም። ልጆቼ ግን በተላከ ገንዘብ እንስሳ መንከባከብን አይማሩም። የበጎቹን ጥበቃ ትቼዋለሁ፤ ማታ ማታ አህዮቹንም በረት አስገባለሁ። ውርንጭላም አልገዛም፣ አላረባምም። ባለቤቶቻቸው ስላረጁ ወይም ቤት ስለለወጡ የእንስሳት መጠለያ የገቡ፣ አብረው የኖሩ ጥንድ አህዮች አሉ፤ የተኮላሹ፣ ዕድሜያቸው የገፋ። የ30 ዓመቱ ጥያቄ በእነሱ ያጥራል።

ወንድም

እሱ ከሆነ ሙግቴ ግማሽ ይሆናል። ግማሹ ግን አለ፦ አካባቢያችን ሰኮና የሚከረክምና የአህያ በሽታ የሚያውቅ ሐኪም መኖሩን አረጋግጪ። ሣሩ ላይ አጥሩ ይተከል፣ መጠለያው ይቁም። እስከዚያ ድረስ ከእንስሳት መጠለያ አንድም አህያ እንዳታመጪ።