ገማች ይቀመጥ!

«አሴስ» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ግሥ በየሪፖርቱ «ግምገማ»፣ «ግምት» እየተባለች ትመነዘራለች። ዘሯ ከላቲን ነው፤ መነሻ ትርጉሟም «አጠገብ መቀመጥ»። መጀመሪያ ከዳኛ ጎን ተቀምጦ የሚያማክረውን ሰው ሥራ ትገልጽ ነበር፤ ኋላ ግብር ተማኙ ወረሳት። እኛም አገር ዳኛ የሚፈርደው ተቀምጦ፣ ግራ ቀኙን ሰምቶ ነው። ታዲያ የኛ ገማች ለምን ቆሞ ይገምታል?

ከመካነ ሰላም ደጋ ቁልቁል ዓባይ፣ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ገማች አላስገባም ብሎ አመጸ። መንግሥት በአውሮፕላን ደበደበው፤ በመጨረሻ ግን የከረመውን የግብር ዕዳ ለመሰረዝ ተገደደ። ምን ተማርን? ምንም! በ2009 ዓ.ም. የትንንሽ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ሲገመት በየከተማው ሱቅ ተዘጋ።

«ገማች ከነጋዴ ጋር ከተቀመጠማ ጉቦ ይበላል» የሚሉን አሉ። ጉቦ የሚበላው በጓዳ ነው፤ እኛ በአደባባይ ይቀመጥ ነው የምንለው። የመካነ ሰላም ባለ ሱቅ የገበያ ቀን ሽያጭ የሌላ ቀን እንዳልሆነ ያስረዳ። ለርዳታ የሚመዘገበው የወሎ ቦረና ገበሬም ውርጭ የመታውን ገብስ ማሳው ላይ ያሳይ። ገማቹም ስሌቱን ጮክ ብሎ ያንብብ።

ሳይቀመጡ የሚቆርጡት ቁጥር ግምት አይባልም። ፍርድ ነው፤ ያውም ባለጉዳዩ ያልተሰማበት።