ድመቱ ገነነ፣ ሠዓሊው ተረሳ

ኪነ ጥበብ የሰው ልጅ የሥራ ፍሬ ነው የሚለውን አባባል ፊት ለፊት የሚቃወም የለም። የፍሬው ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ግን፣ ብሩሽ የያዘው ዝም ብሎ ገንዘብ የያዘው ሲመልስ ይሰማል። ፊሊክስ የተባለው ጥቁር የካርቱን ድመት ታሪክ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ነው።

ፊሊክስ እ.አ.አ. በ1919 በኒውዮርክ ከተማ፣ ፓት ሱሊቫን በተባለ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ተፈጠረ። ድምፅ አልባው ፊልም በነገሠበት ዘመን ከእርሱ የሚበልጥ ዝና ያገኘ የካርቱን ገጸ ባሕርይ አልነበረም። ተንኰለኛና ብልጥ ነው። ችግር ሲገጥመው እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ እየተመላለሰ ያስባል፤ ጅራቱን ነቅሎ መሣሪያ ያደርገዋል፤ ከራሱ በላይ ብቅ ያለውን የጥያቄ ምልክት ሳይቀር ይዞ መንጠቆ ይሠራበታል። በ1923 ወደ ጋዜጦች የካርቱን ዓምድ ገባ። በ1928 በኒውዮርክ የቴሌቪዥን ሙከራ ሲካሄድ፣ በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ ቆሞ በካሜራ ፊት የዋለው የፊሊክስ አሻንጉሊት ነበር።

በፊልሙም በጋዜጣውም ላይ የሚነበበው ስም ግን የሱሊቫን ብቻ ነበር። ፊልሞቹን በዋናነት ያዘጋጀው፣ የድመቱን አስተሳሰብና አረማመድ የቀረጸው፣ የጋዜጣውንም ዓምድ ለብዙ ዓመታት የሣለው ኦቶ ሜስመር የተባለ የስቱዲዮው ደመወዝተኛ ነው። አንዱ አረሰ፣ ሌላው ጎረሰ።

ይህን የሚቃወሙ ወገኖች ሁለት መከራከሪያ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው፣ በተለይ ሱሊቫን በተወለደባት በአውስትራሊያ የሚሰማው፣ የድመቱ ሐሳብ የራሱ የሱሊቫን ነው የሚል ነው፤ ስቱዲዮው በ1917 ቶማስ ስለተባለ ድመት ፊልም መሥራቱንም በማስረጃነት ይጠቅሳሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ይሁንና የመጀመሪያው ንድፍ ከማንም እጅ ቢወጣ፣ ፊሊክስን ፊሊክስ ያደረገው ከዚያ በኋላ የተከተለው የዓመታት ድካም ነው፤ የዚያም ድካም ዋና ባለቤት ሜስመር መሆኑን የሚያስተባብል ብርቱ ማስረጃ አልቀረበም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ያለ ባለሀብቱ ድመቱ ከሕዝብ ፊት ባልቀረበ ነበር ይላል። ይህም ቢሆን የገንዘቡን ድርሻ እንጂ የፊርማውን መብት አያስረዳም። በሬ ያከራየ ሰው ኪራዩን ይቀበላል እንጂ እርሻውን እኔ አረስሁ አይልም።

ጉዳቱ በአንድ ሰው ስም ላይ ብቻ ቢወሰን ኖሮ ነገሩ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን የሥራው አዛዥ ከሥራው ሲርቅ ጥበቡም አብሮ ይጎዳል። በ1928 መጨረሻ ሚኪ ማውስ በድምፅ ታጅቦ ሲመጣ ሱሊቫን ድምፅን ለመቀበል ዘገየ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የድመቱ ፊልሞች ከገበያ ወጡ። ሱሊቫን በ1933 ሲሞት ፊሊክስ ለሜስመር አልተላለፈም። ድመቱን በዓለም ያስተዋወቀው እጅ ቆይቶ በኒውዮርክ ታይምስ አደባባይ ለሚበሩ የኤሌክትሪክ ማስታወቂያዎች ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲሠራ ተገኘ።

በ1958 የሜስመር ረዳት የነበረው ጆ ኦሪዮሎ ድመቱን ለቴሌቪዥን አስነሣው። በዚህም ለአዲስ ትውልድ አደረሰው፤ ይህ ውለታ ሊካድ አይገባም። ዳሩ ግን «ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» ቢባልም፣ የቴሌቪዥኑ ፊሊክስ ዓመሉን ረሳ። ከገዛ አካሉና ከአእምሮው መፍትሔ ያወጣ የነበረው ተንኰለኛ፣ የፈለገውን ሁሉ ከሚሰጠው አስማተኛ ቦርሳ ጋር የሚዞር የዋህ ሆነ። ለሳምንት ፕሮግራም በርካሽና በጥድፊያ ለሚሠራ ፊልም ቦርሳው አመቺ ነው። ሕፃናት ግን በፊተኛው ድመት ማሰብን ያዩ ነበር፤ በኋለኛው ያዩት ማግኘትን ብቻ ነው።

ጆን ኬንሜከር የተባለው የፊልም ሠሪና የታሪክ ጸሐፊ በ1977 ስለ ሜስመር ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ ሽማግሌው ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በ1983 በ91 ዓመቱ ዐረፈ። ስሙ በባለሙያዎች ዘንድ ተመለሰለት፤ ድመቱ ግን አልተመለሰለትም። የፊሊክስ መብት በ2014 ለአንድ ታላቅ የፊልም ኩባንያ ሲሸጥም ዋጋውን የተደራደሩት ሌሎች ናቸው።

እንግዲህ ለተማሪዎቹ ሥዕል የሚያሳይ መምህር፣ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ የባህል ሠራተኛ፣ በድርጅት ስም የሚሠራ ሠዓሊ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሊያስቀድም ይገባዋል፤ ይህን የሠራው የማን እጅ ነው? ጥያቄው ሳይነሣ በቀረ ቁጥር ፊርማው ወደ ባለ ገንዘቡ መሄዱ አይቀርም። ለሠዓሊ ደመወዝ ሊከፈለው ይችላል፤ ስሙ ግን በደመወዙ ውስጥ አልተሸጠም።