እብድ አይደለም፣ በሽተኛ ነው!

ገርጂ ውስጥ ቡቺ የምንለው ውሻ አለ። ጥቂት ጎረቤታሞች ሆነን ከመኪና ሥር አውጥተን አስታመምነው፤ አስከተብነውም። እግሩ ዳነ። ጣጣው የሚጥል በሽታው ነው። ሲጥለው ይንፈራገጣል፤ አረፋ ይደፍቃል። ያን ጊዜ «እብድ ውሻ!» ይባልና ድንጋይ ይወርድበታል። ወይ ፍርድ! ያበደ ውሻ ምልክቱ ከታየበት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። ቡቺ ግን ሲወድቅ ሲነሳ 5ኛ ወሩን ይዟል።

ሐኪሙ ያዘዘለት ፌኖባርቢታል ነው፤ ለሰውም የሚታዘዘው ያው ክኒን። ጠዋትና ማታ ይሰጠዋል፤ ድንገት ከተቋረጠ ይብስበታል። እና የምንፈልግለት አጥር ያለው ግቢ ብቻ ሳይሆን ሰዓት የሚያከብር ሰው ነው።

የቦሌ ባለ ቪላዎችን ብንጠይቅ «ጀርመን ሼፐርድ ከሆነ አምጣው» አሉኝ። ዘበኛ ፍለጋ መሆኑ ነው! የሰሚት ኮንዶሚኒየም ተከራይ ደግሞ ቢወድም አከራዩን ይፈራል፤ አልፈርድበትም።

ለነገሩ ሰው ሲጥለው ክብሪት ለኩሰን የምናሸትት ሰዎች ለውሻ ከየት እናምጣው? መስተዳድሩም ቢሆን ለዓመታት ለጎዳና ውሻ የነበረው መላ መርዝ ነበር። በመርዝ ፋንታ በየዓመቱ ቢከተቡ እኮ ቡቺን የሚፈራው ሰው ይቀንስ ነበር!

ቡቺን እወስዳለሁ የሚል ካለ እነሆ፦ ሲጥለው አፉ ውስጥ እጅዎን አይክተቱ፤ የሚጎዳውን ዕቃ ያርቁለትና እስኪነሳ ይጠብቁት። የ2 ወር ክኒኑን እኛ እንችላለን።