ለመጠጥ የሚሰበሰብ ሰው ለመተው ስለ ምን አይሰበሰብም?

ጋምቤላ ሲመሽባት ደስ ታሰኛለች። ሙቀቱ ጋብ ይላል፤ ከባሮ በኩል ነፋስ ይመጣል፤ ሥራውን የፈጸመ ሁሉ ጓደኛውን ፍለጋ ይወጣል። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት ሠራተኛ ግን ዘመዶቹ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ስለሚገኙ በቤቱ የሚጠብቀው የለም። ብቻውን ከሚቀመጥ ወደ መጠጥ ቤት ይሄዳል። በመጀመሪያው ወር የሚሄደው ለጨዋታ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ጨዋታው ቀርቶ መጠጡ ብቻ ይቀራል።

ይህን የምንለው ከወሬ ሰምተን አይደለም። ከእኛ ጋር የተመረቀ አንድ ወዳጃችን በዚሁ መንገድ ሲሄድ አይተነዋል። ሥራውን ያጣው ሰነፍ ኖሮ ሳይሆን፥ ጧት ጧት እጁ እየተንቀጠቀጠ እስክርቢቶ መጨበጥ ስላቃተው ነው። እኛ ወዳጆቹ ያደረግንለት ነገር ቢኖር፥ ሲጠጣ አብሮ መጠጣት፥ ሲወድቅም ከኋላው ማማት ነበር። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሌላውን ከመውቀሳችን አስቀድሞ ራሳችንን እንወቅሳለን።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወገድ፥ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነም ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ አዟል። መልካም ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ ያልጀመረውን ይጠብቅ እንደሆነ ነው እንጂ፥ የተያዘውን አይፈታም። የተያዘውን የሚፈታው ምንድን ነው?

በ1927 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ ጥቂት ወራት በፊት፥ ቢል ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ አክሮን በምትባል ከተማ ጉዳዩ ሳይሳካለት ቀርቶ በሆቴል ውስጥ ብቻውን ቆሞ ነበር። መጠጥ ከተወ ገና ወራት ነበሩ፤ ከቡና ቤቱም የሰው ሳቅ ይሰማዋል። ወደዚያ በመግባት ፈንታ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ስልክ እየደወለ፥ እንደ እርሱ መጠጥ ያስቸገረው ሰው እንዲያገናኙት ለመነ። በዚህም ቦብ ስሚዝ ከተባለ ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ በሰኔ ወር መጠጥን ፈጽሞ ተወ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች የተስፋፋው ስማቸውን የማይገልጹ ሰካራሞች ማኅበርም ከእነዚህ ከሁለቱ ጭውውት ተወለደ።

የማኅበሩ ሥርዓት ቀላል ነው። መዋጮ አይጠየቅም፤ ለመግባት የሚያስፈልገው መጠጥን ለመተው መፈለግ ብቻ ነው፤ የተነገረውም ምሥጢር ከዚያው አይወጣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣ አንድ የሕክምና ግምገማ 27 ጥናቶችን፥ ከአሥር ሺህ የሚበልጡም ሰዎችን መርምሮ፥ ይህን ዓይነቱ ስብሰባና ወደ እርሱ የሚያደርስ ምክር መጠጥን ፈጽሞ በማስተው ረገድ ከሌሎች የምክር ሕክምናዎች የማያንስ፥ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ሆኖ አግኝቶታል።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ ነውን? አይደለም። ዕቁብ፥ ዕድር፥ ሰንበቴ ያለው ሕዝብ መሰብሰብን ከማንም አይማርም። የሚያሳዝነው ግን ዕድራችን ሰካራሙን ለመቅበር ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣ፥ ሰውየው በሕይወት ሳለ አንድ ቀን እንኳ ስለ እርሱ አለመሰብሰቡ ነው። በኤች አይ ቪም ጊዜ ያየነው ይህንኑ ነበር። መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት፥ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው ተገናኝተው እስኪናገሩ ድረስ፥ ሕዝቡ በሹክሹክታ ብቻ ያወራ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የቫይረሱ ሥርጭት ከክልሎች ሁሉ ከፍ ብሎ፥ 4.8 በመቶ ሆኖ የተገኘው በጋምቤላ ነውና፥ የዝምታን ዋጋ የክልሉ ሕዝብ አሳምሮ ያውቀዋል።

«ከተማው ትንሽ ነው፤ ብታይ አለቃዬ ይሰማል» የሚል ይኖራል። ፍርሃቱ እውነት ነው። ነገር ግን መጠጥ ቤት ስንገባ ሁሉ ያየናል፤ በዚያ ያላፈርን፥ ለመዳን ስንገባ ስለ ምን እናፍራለን? አለቆችም በበኩላቸው፥ ችግሩን የተናገረውን ሠራተኛ የደፈረ እንጂ የተዋረደ አድርገው አይቁጠሩት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስቀድሞ ወደ ሐኪም። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ሊንቀጠቀጥ፥ ሊቃዥ፥ ሊያንዘፈዝፈው፥ ሊሞትም ይችላልና፥ በሆስፒታል ተመርምሮ በመድኃኒት ተደግፎ ይተው። ሐኪሙንም፥ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሽማግሌዎችንም፥ ስለ መተው የሚሰበሰብ ሰው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ኢንተርኔት ያለው ደግሞ በስልኩ ከሩቅ ስብሰባ መግባት ይችላል። በአቅራቢያው ባይገኝ ሁለት ሰው ይበቃል። ቀኑና ሰዓቱ የማይለወጥ ይሁን፤ ሰዓቱም መጠጥ ቤቱ የሚሞላበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። አኙዋኩ በአኙዋክ፥ ኑዌሩ በኑዌር፥ መዠንገሩ በመዠንገር፥ የቀረውም በአማርኛ ይናገር፤ የሚናገረው ልብ ነውና።

ያ ወዳጃችን ዛሬም በሕይወት አለ። በሚመጣው ሳምንት ልንጠይቀው ቀጠሮ ይዘናል፤ ጠርሙስ ግን ይዘን አንሄድም። አንባቢም በመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ባልንጀራ ካለው፥ ሌላ ሰው እስኪጠራው አይጠብቅ።